ሰባተኛው ውሃ ቀጂ

አባቴ ሰው የሚሠራው በመቆፈር ነበር። ሌላው ቀራጺ ጭቃ እየጨመረ አፍንጫ ያወጣል፤ የኔ አባት ግን እንደ ትሪ ክብ ሆኖ በረጋ ጀሶ ላይ አጎንብሶ፣ አፍንጫ የሚሆነውን ቦታ በቀጭን ብረት ይጎደጉዳል። ጉንጩም ጉድጓድ፣ ትከሻውም ጉድጓድ ነው። ሲጨርስ ለስላሳ ጭቃ ጫን ያደርግበትና ቀስ ብሎ ያነሳዋል፤ ያኔ ጭቃው ላይ ሰውየው ጉንጩን ነፍቶ ብቅ ይላል። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰዎቹ ድሮም ጀሶው ውስጥ ተኝተው የኖሩ፣ አባቴም በብረቱ እየነካካ የሚቀሰቅሳቸው ይመስለኝ ነበር። ይህንኑ ለሰፈር ልጆች ስላወራሁላቸው በቤታችን በኩል ሲያልፉ የሚሮጡ ነበሩ።

ወሬ እወድ ነበር። አባቴ ስሜን ትቶ "ሬዲዮ" ነበር የሚለኝ። "ሬዲዮ፣ እስቲ ድምፅሽን ቀንሺ" ሲለኝ እቀንሳለሁ እንጂ አልዘጋም።

የሚሠራው ሳንቲም በሚታተምበት ፋብሪካ ነው። እሱ በጀሶ የሠራውን ትልቁን ቅርጽ አንድ ማሽን በመርፌ እየዳሰሰ፣ በሌላኛው ጫፉ ብረት ላይ አሳንሶ ይቆርጠዋል። የዚያ ዓመት ሥራው ግን ዳቦ የሚገዛበት ሳንቲም አልነበረም። የከተማችን ልደት ሊከበር ነው ተብሎ፣ የጥንት ቅርሷን የሚያሳይ የመታሰቢያ ሳንቲም ታዞ ነበር። ቅርሱ ከአሮጌው ምንጭ በላይ ያለው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ ስድስት ሰዎች እንስራ ተሸክመው በሰልፍ ይሄዳሉ። ከሦስተኛዋ ሴት ኋላ፣ ከሽማግሌው ፊት፣ ድንጋዩ ተፈርፍሮ ባዶ የቀረ ቦታ አለ። እዚያ ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ወንድሜ አሥር ዓመቱ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ ስለሚያዝ ቤተሰቡ ሁሉ "አለቃ" ይለዋል። ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ እናቴን ያዛል፤ እኔ ጫማዬን ማሰር ያለብኝ ከቀኝ እግሬ ጀምሬ እንደሆነ ደንግጓል። ያን ዓመት ኩላሊቱ ታመመ። ጠዋት ጠዋት ፊቱ አብጦ ይነሳል፤ የሰፈሩ ክሊኒክ አልቻለውም። አጎታችን፣ የአባቴ ወንድም፣ ትልቁ ሆስፒታል ባለበት ከተማ የሚኖር የአውቶቡስ ሹፌር ነበርና መጥቶ ወሰደው። አለቃን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት የአውቶቡሱ የመጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በጣቱ መንገዱን እየጠቆመ አጎቴን ሲያዝ ነው።

እውነቱን ገና ከጅምሩ ልንገራችሁ። ወንድሜ ከዚያ ሆስፒታል አልተመለሰም። አጎቴ ፋብሪካው ድረስ ስልክ ደውሎ ለአባቴ ነገረው፤ አባቴ ሄደ፤ እዚያው ቀበረው፤ ተመለሰ። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶባት ስለነበር ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ አዟል። "ይህን መርዶ አሁን ከሰማች ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ" ብሎ ለአባቴና ለአክስቴ ነግሯቸዋል። ስለዚህ እስክትወልድ ድረስ ሊደብቋት ተማማሉ። እኔ የመሐላውን ነገር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው፣ አለቃ ሆስፒታል ተኝቶ በየቀኑ እየተሻለው መሆኑን ብቻ ነበር።

አባቴ የተመለሰ ቀን ጫማው በቀይ አፈር ተለውሶ ነበር። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ እናቴን ልታስታምም እኛ ዘንድ ገብታለች። በሩ ላይ ተቀበለችው። ሰላም እንኳ ሳትለው ጎንበስ ብላ ጫማውን ከእግሩ አወለቀችና ወደ ጓሮ ይዛው ሄደች። ቧንቧው ሥር ስትፈገፍገው አየኋት። "ይቺ ሴትዮ ለንጽሕና ስትል ሰላምታም ትረሳለች" ብዬ ታዘብኳት።

እናቴ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነበር። እኔ ከእግሯ በኩል አልጋው ላይ ወጥቻለሁ።

"እህ፣ የአለቃ አባት፣ እንዴት ነው ልጄ?"

"ተሽሎታል።"

"ይበላል?"

"መብላት ብቻ! ያዛል እንጂ። ነርሶቹን አማርሯቸዋል።"

እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አባቴም ጥርሱን አሳየን።

"ስትወጣ ምን አለህ?"

"'እማዬ አታስቢ በላት' አለኝ።"

እናቴ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቶቿ ማለስለስ ጀመረች። "ስለ ርግቧ አልጠየቀህም?"

አባቴ ብርጭቆውን አንስቶ ውሃ ጠጣ። "እንዴት አይጠይቅ! 'እህሏን እንዳትረሱ' ብሏል። በተለይ ለሬዲዮ።"

አለቃ የሚያሳድጋት ርግብ ሞታለች። አለቃ ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን ድመት ገደላት፤ እናቴና እኔ እያየን ጓሮ የቀበራት ራሱ አለቃ ነው። ጉድጓዱ በደንብ እንዲጠልቅ ሁለት ጊዜ አስቆፍሮኛል። አባቴ ያን ቀን አምሽቶ ስለገባ፣ በማግስቱም የጉዞው ግርግር ስለነበር የነገረው የለም። አሁን ላርመው አፌን ከፈትኩ።

"አባዬ ደግሞ! ርግቧ እኮ..."

የእናቴ እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ጥብቅ አድርጋ ነው የያዘችኝ። "ርግቧ ደህና ናት በይው" አለችኝ።

"ደህና ናት" አልኩ።

ቀልድ መሰለኝ። አባቴን ልናሞኘው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ከሥራ ሲገባ የርግቧን ዜና አሰማዋለሁ። እህሏን ጨርሳለች፤ ከጎረቤት ጣሪያ ደርሳ ተመልሳለች። አንድ ቀን ደግሞ እንቁላል አስጣልኳት። አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ ይሰማኛል። "ጎሽ፣ በርቺ" ይለኛል። እናቴም ከአልጋዋ ሆና በጥሞና ታዳምጣለች፤ እንቁላሉ ነጭ ይሁን ቡናማ እንኳ ጠይቃኛለች።

ካረጀች በኋላ አንድ ቀን ልብስ ስናጣጥፍ ስለዚያ ምሽት ነገረችኝ። "ልጄን አውቀዋለሁ" አለችኝ። "ለሞተች ርግብ እህል አይልክም። አባትሽ ውሃውን ሲውጥ ጉሮሮውን አየሁት፤ በቃኝ። ግን እሱ ለኔ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን ተሸክሞት ነው የመጣው። እኔ እሪ ካልኩ እሱ ምኑን ይዞ ይቆማል? ሆዴ ውስጥ ያለችውም አለች። ሆድ ይፍጀው አልኩ።" ይህን ብላኝ አንሶላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና አጣጠፈችው።

እንዲህ ሆኖ ያ ቤት ሁለት ምስጢር ያዘ፤ ሁለቱም አንድ ነበሩ። እሱ ለሷ ብሎ ይደብቃል፤ እሷ ለሱ ብላ። አክስቴ በመካከላቸው ሻይ ታመላልሳለች። ጎረቤት ሲመጣ በሩ ላይ ጠብቃ ታንሾካሹካለች፤ አንድ ጊዜ "ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ስትል ሰማኋት። ጆሮውን የታመመ ሰው እየታማ መሰለኝና ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። "አንቺ ደግሞ!" ብላ ስኳር አፌ ውስጥ ጨመረችልኝ። ያን ሰሞን ያለ ምክንያት ብዙ ስኳር በልቻለሁ።

እናቴ ሹራብ ትሠራ ነበር። ለሚወለደው ሕፃን አይደለም፤ ለአለቃ ነው። ሰማያዊ ክር። አባቴ መኝታ ቤት ሲገባ ሹራቡን ያየዋል፤ ከዚያ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ተመልሶ ይወጣል። ቀለሙ አልወደደለትም ብዬ አስቤ ነበር። አንድ ቀን እንደ ምንም ብሎ "እጅጌው አልረዘመም?" አላት።

"ልጅ ያድጋል" አለችው እናቴ ቀና ሳትል።

ዛሬ ነው የገባኝ። የልጇን መሞት እያወቀች እጅጌ ታስረዝማለች፤ ለምን? ባሏ አላወቀችም ብሎ እንዲያምን። እኔ እንዲህ አድርጎ የወደደኝ ሰው የለም፤ እኔም ማንንም እንዲህ አልወደድኩም።

ፋብሪካው፣ የእናቴን ነገር አይቶ፣ አባቴ የጀሶውን ሥራ ቤቱ እንዲሠራ ፈቀደለት። ብርሃን የሚገባው የኔና የአለቃ ክፍል ነው። አባቴ የአለቃን አልጋ አጥፎ ግድግዳ አስደገፈውና በቦታው ጠረጴዛውን ተከለ።

"አለቃ ሲመጣ የት ሊተኛ ነው?" አልኩት።

"ለጊዜው ነው።"

"ይቆጣል እኮ።"

"ይቆጣ።" ጠረጴዛውን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ጽናቱን አየ። "ይቆጣ፤ ደስ ይለኛል።"

ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አየዋለሁ። አየሩ ሁሉ ጀሶ ጀሶ ይላል፤ የአባቴ ቅንድብ ነጭ ነው፤ ብረቱ ሲፍቅ የሚሰማው ድምፅ አይጥ ደረቅ ዳቦ ስትበላ ይመስላል። መጀመሪያ ሦስቱን ሴቶች ቆፈረ። ከዚያ ሽማግሌውን፣ ከዚያ ሁለቱን ጎረምሶች። ባዶውን ቦታ ግን አልነካውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ብረቱን አስቀምጦ ወደኔ ዞረ።

"ሬዲዮ፣ አለቃ ውሃ ሲያመጣ እንዴት ነበር የሚሸከመው?"

የቤታችን ቧንቧ ሲቆም ከመንገዱ ማዶ የምናመጣው እኔና አለቃ ነበርን። ባዶውን ጀሪካን ከጥግ አንስቼ አሳየሁት። በግራ ትከሻው፤ አንገቱን ወደ ቀኝ ሰብሮ፤ ነጻ እጁን ደግሞ እያወናጨፈ፣ አፉን ከፍቶ። "እየተሸከመም ያዛል" አልኩት።

"እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገምኩለት። ክፍሉን ዞርኩለት። "ቁሚ እንደሱ" ሲለኝ ቆምኩ፤ ክንዴ ቢደነዝዝም አልተነቃነቅሁም። አባቴ እንደዚያ ቀን ትኩር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ሳንቲም ላይ ልወጣ ነው ብዬ አሰብኩ፤ በማግስቱም በትምህርት ቤት ፊቴ የማይወጣበት ሳንቲም እንደማይኖር አስወራሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ባዶው ቦታ ላይ ጭቃ ጫን አድርጎ አነሳው። ከጣት የማይበልጥ ልጅ ብቅ አለ። አንገቱ ተሰብሯል፤ አፉ ተከፍቷል፤ የቀኝ ጆሮው ከራሱ ወጣ ብሎ ቆሟል። እኔ አይደለሁም። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው አንድ ነው።

"አለቃ!" ብዬ ስጮህ አባቴ በጀሶ እጁ አፌን ያዘኝ።

"ለእማዬ አትነግሪያትም። ሲያልቅ ታየዋለች።"

"ለምን አለቃን ሠራኸው?"

"እንዳይጠፋ ነው።"

"አለቃ እኮ መንገድ ያውቃል፤ አይጠፋም" አልኩት። ላጽናናው ነበር። አባቴ እጁን ሊታጠብ ወጣ፤ ቆየ። ቧንቧው ሲፈስ፣ ሲፈስ ሰማሁት። ወንድሜ የሳንቲም ሰው መሆኑን በሕይወቴ የመጀመሪያ ምስጢር አድርጌ ያዝኩት፤ ሬዲዮነቴ ተረስቶ አክስቴ "ይቺ ልጅ ታማለች እንዴ?" እስክትል ድረስ ዝም አልኩ።

የቅርስ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አንድ ጠዋት ሥራውን ሊያይ መጣ። ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። በሩ ላይ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለኔ ሳይቀር እጅ ነሳ። አባቴ ጭቃውን አሳየው። ሰውየው ከኪሱ ማጉያ መስታወት አውጥቶ ሴቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። ደስ ብሎት ነበር፤ የእንስራዎቹ አንገት እንኳ ትክክል መሆኑን አንስቶ አመሰገነ። ከዚያ መስታወቱ ቆመ።

"ሰባት ሆኑ።"

"አዎ" አለ አባቴ።

"ድንጋዩ ላይ ስድስት ናቸው።"

"ድንጋዩ የፈረሰበት ቦታ አለ። እዚያ ሰው ነበር።"

"ሊኖር ይችላል" አለ ሰውየው በቀስታ። "ግን የለም።"

"ልጅ ሊሆን ይችላል። ውሃ የሚቀዳ ቤተሰብ ልጅ አያጣም።"

"እኔም ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። በወጣትነቴ ያን ቦታ በጣቴ ስዳስስ ኖሬያለሁ። ግን ወንድሜ፣ ያላገኘነውን ሰው አገኘን ብለን በብረት ማተም አንችልም። ለሚመጣው ትውልድ ሐሰት እናወርሳለን። ልጁ ይውጣ።"

አባቴ ጭቃውን ከሰውየው እጅ ወሰደው። "ልጁ ከወጣ እኔም እወጣለሁ። ሌላ ቀራጺ ፈልጉ።"

"እንዴት እንዲህ ይላሉ? በዓሉ ደርሷል እኮ!"

"ከነልጁ ይታተማል፤ አለዚያ አይታተምም።"

እኔ በታጠፈው አልጋ ጥግ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። አባቴ በሰው ላይ ድምፁን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም። ለአለቃ ሲሟገትለት ኮራሁ፤ ሲመጣ የምነግረው ብዙ ነገር እያጠራቀምኩ ነበር።

በሩ ተከፈተ። እናቴ ናት። ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ።

አባቴ ዘሎ ተነሳ። "ምን ሆነሽ ነው? አትነሺ ተብለሽ!"

"እንግዳ መጥቶ ተኝቼ ልቅር?" ለሰውየው አጎንብሳ ሰላምታ ሰጠችው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ጭቃውን አላየችውም፤ ጀሶውን ነው ያየችው። የጎደጎዱትን ሰዎች በጣቷ አንድ በአንድ አለፈቻቸው፤ ልጁ ጋ ስትደርስ ጣቷ ገባ። ጆሮው ላይ ቆመች።

"ጆሮው ልክ ነው" አለች። "ወጣ ይላል።"

አባቴ ፊቱ እንደ ጀሶው ሆነ። እኔ ግን እፎይ አልኩ፤ ምስጢሩ በኔ ሳይሆን በራሱ ጊዜ ወጣ፤ እናቴም ወደደችው።

"ጌታዬ" አለችው ሰውየውን። "ልጁ ይወጣል። ሰኞ መጥተው ሥራውን ይወስዱታል።"

ሰውየው የእናቴን ሆድ አየ። የታጠፈችውን ትንሽ አልጋ አየ። ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን የአለቃን የትምህርት ቤት ቦርሳ አየ። ባርኔጣውን እጁ ላይ እንደያዘ ወጣ።

አክስቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተችኝ። መስኮቱ ግን ክፍት ነበር፤ እኔም አፌ እንጂ ጆሮዬ አልተዘጋም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?" ይላል አባቴ።

"ርግቧ እኮ የሞተችው አለቃ ከመሄዱ በፊት ነው።"

ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። ተንጠራርቼ በመስኮቱ ሳይ አባቴ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ለጠረጴዛው እግር ሰጥቷል። ከጉሮሮው እንጨት የሚሰነጠቅ የመሰለ ድምፅ ይወጣል። "አክስቴ! አባዬን የጀሶ አቧራ አንቆታል፤ ውሃ አምጪለት!" ብዬ ተጣራሁ። አክስቴ ግን የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በሽርጧ ፊቷን ሸፍናለች። እሷንም አቧራው የያዛት መሰለኝ።

እናቴ ሆዷን ደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ ወለሉ ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

"ፀሐይ ነበረች?" አለችው።

"ነበረች።"

"ሰው ነበረ?"

"የወንድሜ ባልደረቦች፣ ሹፌሮቹ በሙሉ መጥተው ነበር። አውቶቡሶቻቸውን በሰልፍ አቁመው።"

"ጥሩ" አለች። "ደስ ብሎታል።"

አለቃ ሆስፒታል ውስጥ በሹፌሮች ተጎብኝቷል ማለት ነው፤ ቀናሁበት።

አባቴ እጇን ያዘ። "ሳንቲሙ ላይ ካለ አይጠፋም ብዬ ነው። እኛ ብናልፍ እንኳ እሱ ይኖራል።"

"በየሰው ኪስ እየተንከራተተ? ከእጅ ወደ እጅ፣ ማን እንደያዘው ሳላውቅ? የለም፣ የአለቃ አባት። ልጄ አንድ ቦታ ይረፍልኝ።" ቀጥሎ የተናገረችው ከአንጀቷ ነው የወጣው። "የአንተ እጅ ደርሶለታል። የኔ አልደረሰም። ምንም አላደረግሁለትም እኮ! እኔ ልድፈነው። አንተ አሳየኝ፤ እኔ እደፍነዋለሁ።"

የተጣሉ መሰለኝ። አለቃን ማን ያጥፋው ብለው የሚሻሙ።

ሳንቲሙ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የታተመበት ቀን የወጣው ጽሑፍ፣ ቀራጺው የጥንቱን ድንጋይ ስብራት እንኳ ሳይቀር በታማኝነት እንዳስቀመጠው ያደንቃል። በሦስተኛዋ ሴትና በሽማግሌው መካከል ያለውን ሜዳ በማጉያ አየዋለሁ፤ ለስላሳ ነው፤ ምንም የለበትም። እህቴ በሰላም ተወለደች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ስለ ወንድሜ ለኔ የተነገረኝ እሷ ከተወለደች በኋላ ነው። አባቴ ሊነግረኝ ሲቀመጥ ግን ቀድሜ አውቄው ኖሯል፤ መቼ እንዳወቅሁት ዛሬም ማስታወስ አልችልም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ይመስለኛል።

ሥራው ሊወሰድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት ነበር። አባቴ ጀሶውን መስኮቱ አጠገብ አመጣው። ስስ ጀሶ በጀሶ ላይ አይዝም፤ ተላጦ ይወድቃል። ስለዚህ የልጁን ዙሪያ አስፍቶና አጥልቆ መቆፈር አለበት። ብረቱን አነሳ፤ ከእግሩ ጀመረ፤ እንስራውን አለፈ። ጆሮው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። እናቴ ትራስ ተደርጎላት አጠገቡ ተቀምጣለች። ጣቷን አስገብታ ጆሮውን ዳሰሰችው። ከዚያ ጣቷን አወጣች።

"በል" አለችው።

ቆፈረው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ እንደ አውራ ጣት የጠለቀ ቦታ ሆነ። አባቴ በብሩሽ ውሃ አርከፈከፈበት። ዱቄቱን ውሃው ላይ እየበተንኩ እንዳማስል ለኔ ተፈቀደልኝ፤ በደስታ እስከ ክርኔ ነጭ ሆንኩ።

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አለች አክስቴ። ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ።

"ዛሬ ይበቃል" አለች እናቴ። ማንኪያውን ከኔ ተቀበለችኝ።

"ቀስ ብለሽ" አለ አባቴ። "ከጥግ ጀምሪ። አየር እንዳይዝበት።"

እናቴ ከጥግ ጀመረች። ጀሶው እንደ ወተት ወረደ። ስታፈስ አባቴ ክርኗን ይዞላት ነበር። አንድ ማንኪያ፣ እንደገና አንድ ማንኪያ፣ ቦታው እስኪሞላ። አባቴ በስለት ፊቱን አስተካከለው። አሁን በሴትዮዋና በሽማግሌው መካከል ልጅ እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ ከኛ በቀር።

ያኔ አዘንኩ። "አለቃ ሲመጣ ቦታው ተደፍኖ ሲያገኘው አይቆጣም?" አልኩ።

አክስቴ ተነስታ ወጣች። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"አይቆጣም" አለችኝ እናቴ። "እኔ እነግረዋለሁ።"

ሦስታችን እንዲጠነክር ጠበቅን። በጣቴ ነካ አደረግሁት፤ እርጥበቱ ጠፍቷል። እንደገና ስነካው ደነገጥኩ።

"እማዬ! ሞቋል! ንኪው፣ ሞቋል!"

"ጀሶ ሲጠና እንዲህ ይሞቃል" አለ አባቴ ሳይዞር። "ትንሽ ቆይቶ ይበርዳል።"

እናቴ መዳፏን ዘርግታ ጀሶው ላይ አሳረፈችው። ዓይኗን ጨፈነች። ለሳምንታት በኔ ፊት ያላለቀሰችው ሴት እንባዋ ጉንጯን አልፎ አገጯ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገችውም። እኔ ለምን እንደምታለቅስ አላወቅሁም፤ ግን እጄን ከእጇ አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ለእሷም ቦታ ትቼ፣ ጥግ ላይ።

"እጅሽን አንሺ፣ ሊደክምሽ ነው" አላት አባቴ በመጨረሻ።

"ቆይ" አለችው። "ገና ነው።"

ከእጄ ሥር ሙቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። እኔ ሰለቸኝና አነሳሁ። እናቴ እስኪበርድ ድረስ አላነሳችም።